ጳጉሜ ስድስት ላይ የሚወድቀው ግራፍ

የዝናብ ግራፉ ዛሬ ጠዋት እንደገና ወደቀ፤ የምሠራው ድረ ገጽም አብሮት ተዘጋ።

ጋሽ ጌታነህ በደርግ ዘመን መዘዞ ላይ በየቀኑ እየለኩ በደብተር የጻፉትን ዝናብ ነው ድረ ገጹ ላይ የማስገባው። አንዱ ዓመት ይሠራል፣ ሌላው ይወድቃል።

ምክንያቱን ዛሬ አገኘሁት። ግራፉን የሚስለው ፕሮግራም በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣዋን ጳጉሜ ስድስት አያውቃትም። ከሰረዝኳት ይሠራል።

ለጋሽ ጌታነህ ደወልኩ።

«አንተ ልጅ፣ አንዷን ጳጉሜ ስድስት ሰፈሩ በሙሉ ስብሰባ ተጠርቶ፣ እኔ ሾልኬ ወጥቼ ነው የለካሁት። አሁን አንተ ልታጠፋት?»

(«ልጁ» እኔ ነኝ፤ ስድሳ ሊሞላኝ ነው።)

ፕሮግራሙን እስከ ሰኞ የሚጠግን ባለሙያ አላገኘሁም። እናንተስ እንዲህ አጣብቂኝ ውስጥ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ምን አደረጋችሁ?

ገጹ ለሕዝብ የሚከፈተው ሰኞ ነው። ቀኗን ልሰርዝ ወይስ ገጹን ላዘግይ፣ እሑድ እወስናለሁ።