ስድስተኛው ዝርያ

በየብስ ያለህም፣ በጀልባ ያለህም፣ በአህያ ጀርባ የተቀመጥህም ጆሮህን ስጥ! የእንጨት ክምር ጌታ፣ የወንበሩ ምርኮኛ፣ የነጭ ቀሚሱ ጫፍ ጭቃ ነክቶት የማያውቀው ሼኩዌ ፋማው፣ በአንድ ረፋድ፣ ከጀልባ ሳይወርድ፣ ለዓለም አዳዲስ ዛፎችን ማበርከቱን ለላሙ ደሴት ሕዝብ በታላቅ ደስታ እናስታውቃለን።

ጎረቤቴ ነው። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ማንኮራፋቱን እንኳ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ከአባቱ የወረሰው ማንግሮቭ የሚባለው፣ ባሕር ዳር ጭቃ ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ እንጨት የሚሸጥበት ግቢና አንድ ወንበር ነው፤ ከሁለቱ አብልጦ የሚወደው ወንበሩን ነው። ቆራጮች ከማዶ፣ ከኪፔፔ ሰርጥ፣ እንጨቱን በጀልባ ያመጣሉ። እሱ ተቀምጦ በጣቱ እያመለከተ እንደ ውፍረቱ ያስለያል፤ ቀጭኑ ማገር፣ ወፈር ያለው ወራጅ፣ ከዚያ አግዳሚ፣ ከዚያ ቋሚ፣ መጨረሻ ምሰሶ። እንጨቱ ግቢው ከመድረሱ በፊት ሥርና ቅጠል እንደነበረው ግን አስቦት አያውቅም። «ጭቃ የሸርጣን ነው» ይላል። ሸርጣን የሚላቸው ቆራጮቹን ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ዶክተር ኪቤት የሚባል ሰው ከደጋ መጣ። የተላከው በሰርጡ ደን ውስጥ ስንት ዓይነት ተክል እንደሚበቅል አጥንቶ እንዲመለስ ነው። ለዚህ ሥራ ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበት መግባት ያስፈልጋል። ዶክተሩ ጭቃውን አየ፤ አዲሱን ጫማውን አየ፤ ከዚያም «ዛፎቹን የሚያውቅ ትልቅ ሰው የለም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ሼኩዌ ከወንበሩ ተነሣ። ወንበሩ ራሱ ሳይደነግጥ አልቀረም።

ባሕሩ ሲሞላ ጥላ ባለው ጀልባ ሄዱ። መካከላቸው አንድ ሳህን ሐልዋ ነበር። የቀዘፈላቸው ኮምቦ፣ የቆራጮቹ አለቃ ነው፤ ወሬውን ያመጣልንም እሱ ነው።

«ያ ቀጭኑ ምን ይባላል?» አለ ዶክተሩ።

«ማገር።»

«ከጎኑ ያለውስ?»

«ወራጅ ነዋ!»

«ከኋላ ያለው ትልቁ?»

«አግዳሚ። እጅግ የተከበረ ዛፍ ነው፣ ዶክተር።»

ኮምቦ መቅዘፊያውን አቆመ። «ጌታዬ፣ ይሄ እኮ…»

«አንተ ቅዘፍ!» አለው ሼኩዌ፣ ሐልዋውን እየዋጠ።

በኪፔፔ ያለው ደን ሁሉ ምኮኮ የሚባል አንድ የማንግሮቭ ዛፍ ነው። ለጋው ማገር ይሆናል፣ ጎረምሳው ወራጅ፣ ያረጀው ምሰሶ፤ በቃ። ለደጋው ሰው ግን የእኛ የእንጨት ገበያ ቃል ባዕድ ነው። የተነገሩትን አምስት ስሞች ሁሉ ጻፈ፤ በየስሙም ላይ የላቲን ጅራት ቀጠለበት። የላኩት አለቆች «በዳርቻው ሁሉ ይህን ያህል ዝርያ የተሰበሰበበት ሰርጥ የለም!» ብለው ጨፈሩ። በሳምንቱ ኪፔፔ አፍ ላይ ሰሌዳ ተተከለ፤ ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ጭራሮ መቁረጥ ክልክል ነው።

አሁን መከራው ራሱ ሼኩዌ ቤት ገባ። ልጁ ራያ ታጭታለች። እዚህ አባት ለልጁ ከቤቱ በላይ ፎቅ ሠርቶ ነው ሙሽራውን የሚያስገባው። የራያ ፎቅ ግድግዳው ቆሟል፤ ጣሪያው የሚያርፍበት አግዳሚ ግን የለም። ግቢው ውስጥ የነበሩትን አግዳሚዎች ሼኩዌ «ለልጄ ትኩስ አስቆርጣለሁ» ብሎ ለሆቴል ሠሪዎች ሸጧቸዋል።

የሚስቱ የሻምሳ ድምፅ ግድግዳውን አልፎ መጣ።

«የራያ አባት፣ ጥጃና ወይፈን፣ በሬም ጨምርበት፣ ስንት ዓይነት እንስሳ ናቸው?»

«ምን አገናኘው?»

«ዝም ብለህ መልስልኝ።»

«አንድ ናቸዋ!»

«ታዲያ ኪፔፔ ላይ ምን ነካህ?»

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ «ሻምሳ፣ ስሜ እኮ በዶክተሩ መጽሐፍ ታትሟል» አለ፤ የታተመ ሞኝነት ሞኝነት መሆኑ የሚቀር ይመስል።

ኮምቦ በር ድረስ መጥቶ ለመነው። «ሙዜ፣ አባታችን፣ ሐሙስ ዶክተሩ ይመጣል። ‹ተሳስቻለሁ፣ ዛፉ አንድ ነው› ይበሉልን። እኛም ወደ እንጀራችን እንመለሳለን፣ የራያን አግዳሚ ደግሞ እኔው ራሴ በነፃ ተሸክሜ አመጣለሁ።»

«እሺ» አለ ሼኩዌ። ማለለትም።

ሐሙስ ዶክተሩ ከሩቅ አገር እንግዶች ጋር ወደቡ ላይ ቆመ። ለሼኩዌ ባለመደገፊያ ትልቅ ወንበር አመጡለት፤ አንገቱ ላይ የጃስሚን አበባ አንጠለጠሉ፤ «የዛፎቹ አባት» አሉት። ኮምቦ ከሕዝቡ መሐል ጮኸ።

«ዶክተር፣ ዛፉ አንድ ነው! ካላመኑኝ ሙዜን ይጠይቋቸው!»

ዶክተሩ ግራ ተጋብቶ ዞረ። «እውነት ነው፣ ሙዜ?»

ራያ ከእናቷ ጋር ከሴቶቹ መሐል ቆማለች፤ መሸፈኛዋን በጥርሷ ነክሳለች። ሼኩዌ እሷን አየ። አበባውን አየ። የወንበሩን መደገፊያ በመዳፉ ዳሰሰ።

«እነዚህ ሸርጣኖች ምን ያውቃሉ?» አለ። «እንዲያውም፣ ዶክተር፣ ባለፈው የረሳሁት አንድ አለ። ስድስተኛ ዝርያ ነው። መቃን ይባላል።»

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ሻምሳ የልጇን እጅ ይዛ ወደ ቤት ሄደች። ሰሌዳው በትልቅ ሰሌዳ ተተካ።

ዛሬ የራያ ፎቅ ላይ ቁራዎች ሰፍረዋል። የሙሽራው እናት «ልጄን ለከዋክብት አልዳርም» ብላለች፤ የደቡቡ ነፋስም ዝናቡን ይዞ እየመጣ ነው። ስለዚህ፣ አንባቢዬ፣ አሮጌ ቤት አፍርሰህ የተረፈህ አግዳሚ ካለ ለራያ ብለህ ላክልን። በሼኩዌ ደጅ ማለፍህ አይቀርም፤ ወንበሩ መንገዱን ዘግቶታል። እንጨቱን አይቶ ጣቱን ሲያነሣ፣ አፉን ከመክፈቱ በፊት፣ አደራህን፣ ሰባተኛ ዝርያ ሳያደርገው ሩጥ!