የጀልባዋ መሪና የኔ በረኪና

ውሃ እፈራለሁ። ምን አስደበቀኝ፣ ባልዲ ሞልቶ ሲፈስ እንኳ ደስ አይለኝም። እናቴ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እያለች ነው ያሳደገችን፣ እኔም አምኛት ቀረሁ። እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ባሏ ጀልባ ገዛሁ ብሎ ሲመጣባት ምን ትሁን?

ጀልባዋ ትንሽ ናት፣ ሸራ ተዘርግቶላት በነፋስ የምትሄድ። ድሮ ከባለቤቴ ጋር ይሠራ የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ለቀቀለት፤ እሱም ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር አንድ ግቢ ውስጥ አስቀመጣት። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ብቻውን ሄደ። በሁለተኛው ቅዳሜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃችንን ይዟት ሊሄድ ሲል ተጣላን። «ላይፍ ጃኬት አለ፣ ሐይቁም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ በቃ አትጨነቂ» አለኝ እየሳቀ። እዚህ ግባ የሚባል አይደለም! ጥልቀቱን ገብቶ ለክቶታል? እሱ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ ሄዱ።

ጀልባዋን ግራ ቀኝ የሚያዞራት ከኋላዋ ያለው መሪ ነው። ወፍራም የእንጨት ሰሌዳ ነው፤ እንደ በር በሁለት የብረት ማጠፊያ ጀልባዋ ላይ ይንጠለጠላል። ባለቤቴ ሁልጊዜ ነቅሎ ወደ ቤት ያመጣዋል። «እዚያ ብተወው በሳምንቱ ቆራሌው ጋ ነው የማገኘው» ይላል። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከጫማ መደርደሪያችን ጎን ቆሞ ይከርማል።

አንድ ቀን ማጠፊያው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አየሁ።

«ይሄ አይዝግም ብለኸኝ አልነበር?» አልኩት።

«እስቴንለስ ነው፤ ላዩ ላይ ነው፣ ይለቃል» አለኝና ኳሱን ማየት ቀጠለ።

ዝገት! ልጄን በያዘ ብረት ላይ! ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራው የኔ ሆነ። ዓርብ ዓርብ ከቢሮ ስገባ ማጠፊያዎቹ ያሉበትን ጠርዝ ሳፋ ውስጥ አስገብቼ በረኪና አፈስበታለሁ። ራቴን ሠርቼ ስጨርስ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ እፈገፍገዋለሁ። በውሃ አላለቀልቀውም፤ የሚያዝገው ውሃ ነው ብዬ በጨርቅ ብቻ እጠርገዋለሁ። ያብረቀርቃል፣ ፊቴን ያሳየኛል። በሳምንቱ ነጠብጣቡ ተመልሶ ይመጣል፣ እኔም በረኪናውን እጨምራለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ አደረግሁ። በረኪና የማያጠራው ነገር አለ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ቢነግረኝም አላምነውም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሥራ ነበረኝ። መሥሪያ ቤቴ ካዛንቺስ ነው። ባሌና ልጄ በጠዋት መሪውን መኪና ላይ ጭነው ወጥተዋል። አራት ሰዓት ገደማ ከቢሮዬ ወጥቼ ደረጃ ስወርድ፣ የደረጃውን ብረት የሚጠግነው በያጅና የጽዳት ሠራተኛችን ሲሟገቱ ደረስኩ። በያጁ ቂርቆስ ሱቅ ያለው የወሎ ሰው ነው፤ ጨዋታ ይወዳል። ያን ቀን ግን ተቆጥቷል።

«እትዬ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ በረኪና አያስነኩብኝ!» ይላቸዋል። «እኔ እሠራለሁ፣ እርስዎ ያስበሉታል!»

«እስቴንለስ ምን ይሆናል ብለህ ነው?» አሉት ባልዲያቸውን እንደያዙ።

ቁጢጥ ብሎ የብረቱን ሥር አሳያቸው። እኔም ጎንበስ አልኩ። ብሎኑ ጋ ብረቱ ተበሳስቷል።

«ይሄ ብረት አየር ሲያገኝ ራሱን ይጠብቃል» አለ። «በረኪና ያንን መጠበቂያውን ይገፈዋል። ላዩ ቢያብረቀርቅ እንዳያምኑ፤ ብሎኑ ሥር ገብቶ፣ አየር በሌለበት ተቀምጦ ነው የሚቦረቡረው። ሽቦ ደግሞ የራሱን የብረት ብናኝ ትቶበት ይሄዳል፣ እሱ ነው መልሶ የሚዝገው።»

«ወንድሜ» አልኩት፣ «በየሳምንቱ በረኪና ውስጥ ቢዘፈዘፍ… ማለቴ፣ ሁለት ዓመት ቢዘፈዘፍስ?»

ሳቀ። «ማን እብድ ነው ሁለት ዓመት የሚዘፈዝፈው እህቴ?»

ክው አልኩ። እኔ ነኝ ማለት አቃተኝና «በምንድን ነው መታጠብ ያለበት ታዲያ?» አልኩት።

«በውሃና በሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ። ደህና አድርጎ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ። አልፎ አልፎ ብሎኑን ፈትቶ ሥሩን ማየት። ሌላ ምን አለው?»

ሌላ ምን አለው! ወደ ቢሮዬ እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ባለቤቴ አንድ ስልክ ሐይቅ ውስጥ ከጣለ ወዲህ ስልኩን መኪና ውስጥ ትቶ ነው የሚወርደው። የልጄ ስልክ ደግሞ ተዘግቷል። ደጋግሜ ደወልኩ። ቢሾፍቱ ልሂድ አልኩ፤ መናኸሪያ ሄጄ፣ ተሳፍሬ፣ ከዋናው መንገድ ሐይቁ ድረስ እስክወርድ ወይ ወጥተዋል፣ ወይ… ያቺን ሁለተኛዋን አልጨርሳትም። ጣቴን እቆጥራለሁ፣ ሰዓት አያለሁ፣ እንደገና እደውላለሁ። አለቃዬ «አሞሽ ነው?» ብለው ቦርሳዬን ራሳቸው አቀበሉኝ።

ባምቢስ ጋ ወደ ቤት የያዝኩት ታክሲ መንገድ ተዘግቶበት ቆመ። ፊት ለፊት አንድ ጅምር ፎቅ ላይ የተሸፈነው ሸራ በነፋስ እየተርገበገበ ይጮሃል። እዚህ እንዲህ ከነፈሰ እዚያ እንዴት ይሆን? ነፋስ ሲበረታ መሪው ላይ ነው ጉልበቱ የሚያርፈው፤ ባለቤቴ ራሱ ነው የነገረኝ። መሪው ተገንጥሎ ሲሄድ፣ ጀልባዋ ስትገለበጥ፣ የልጄ ሹሩባ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ይታየኛል። «ወራጅ!» ብዬ ቂርቆስ ላይ ወረድኩ። የቤተክርስቲያኑ በር ላይ ተንበረከክሁ። እናትና ልጅን ከፈላ ውሃ ያወጣህ አምላክ፣ የኔንም ልጅ አውጣልኝ አልኩ። ከዚያ በላይ ቃል አልወጣልኝም። ደግሞ አፈርኩ፤ እጄ በረኪና በረኪና እያለ፣ ራሴ ባጠፋሁት ሰማዩን እወተውታለሁ።

ቤት ገብቼ ምሳም አልበላሁ። ሁልጊዜ አሥር ሰዓት ላይ ይመጣሉ። አሥር ሰዓት አለፈ። አሥራ አንድ ሆነ። የፎቃችን ደረጃ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ብድግ እላለሁ፣ የሌላ ሰው ነው። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚባለው እየመጣብኝ ራሴን በጥፊ መምታት አማረኝ።

አሥራ ሁለት ሊሆን ሲል የልጄን ድምፅ ሰማሁ። «እማ! ዛሬ ነፋሱ ጉድ ነበር፣ ሙሉውን እኔ ነኝ የነዳሁት!» እያለች ገባች። «ኧረ አነቅሽኝ!» እስክትል ጭምቅ አድርጌ ያዝኳት። ግራ ገብቷት አየችኝና ልትታጠብ ገባች።

ባለቤቴ መሪውን ግድግዳው ላይ ሊያስደግፍ ሲል «ብሎኑን ፍታ» አልኩት።

«ምን ሆነሻል አንቺ ሴትዮ? ጎማ ተንፍሶብን እኮ ነው የቆየነው፤ ስልኬም ባትሪ ጨርሶ ጠበቀኝ።»

«ፍታ አልኩህ!»

እንዲያ ጮኼበት አላውቅም። መፍቻ አምጥቶ ፈታው። ብረቱ ከእንጨቱ ሲላቀቅ ሥሩ ነቀዝ የበላው ባቄላ ይመስላል። ላዩ ፊት ያሳያል፣ ሥሩ ጥቁርና ቡናማ ቀዳዳ ብቻ ነው። ባለቤቴ መሪውን ጀልባዋ ላይ የሚሰካውን ዘንግ በፒንሳ ያዘና ገፋ አደረገው። ቀጭ አለ። ፒንሳው ላይ ቀረ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። በረኪናውን፣ ሽቦውን፣ ሳላለቅልቅ መተዌን፣ በያጁ ያለውን፣ ሁሉን ነገርኩት። እንዲቆጣ ጠበቅሁ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ጠብ እችልበታለሁ። እሱ ግን ፊቱ አመድ መስሎ ኮሪደሩ ወለል ላይ ቁጭ አለ።

«መኪና ውስጥ ይሸተኝ ነበር» አለ። «ቅዳሜ ቅዳሜ፣ መንገድ ላይ፣ በረኪናው ይሸተኛል። አንቺ አይተሽዋል፣ አንቺ ከነካሽው ምንም አይሆንም እላለሁ። አንድም ቀን ፈትቼ ሳላየው ልጄን አስቀምጬበት እሄዳለሁ።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ልጃችን ከመታጠቢያ ቤት ፎጣ አቀብሉኝ እያለች ትጣራለች። ሁለታችንም መነሳት አቃተን።