አስር ሰዓት የማን ነው?

መጀመሪያ ያመመኝ ልቤ አልመሰለኝም፤ ዓይኔ ነው ያልኩት። ከጂንካ ወደ ሃና ከተማ የሕዝብ መኪና እነዳለሁ። አንድ ቀን ቁልቁለቱን ስወርድ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ዝም አለ። ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ መኪናው ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ቆሟል፤ ተሳፋሪው ይጮሃል። ማንም አልተጎዳም። "ፀሐይ መትቶኝ ነው" ብዬ ዋሸሁ፤ አመኑኝ።

ሁለተኛ ጊዜ የጣለኝ በራችን ላይ ነው፤ ባለቤቴ አስቴር እያየችኝ። እሷን መዋሸት አይሞከርም። ጂንካ ኢሲጂ ተነሳሁ፤ ደህና ነህ ተባልኩ። ኢሲጂ የሚያየው የዚያችን ደቂቃ ልብ ብቻ ነው፤ የእኔ ልብ ደግሞ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ጨዋ ነው። ስለዚህ ራቅ ያለ ትልቅ ሆስፒታል ተላክን። እዚያ ሆልተር የሚሉትን፣ የልብ ምት ቀን ከሌት የሚቀዳ ትንሽ ማሽን ደረቴ ላይ በገመድ አጣበቁልኝ።

"ሦስት ቀን አያውልቁት" አለችኝ ነርሷ። "ሲያምዎት ሰዓቱንና ምን እያደረጉ እንደነበር እዚህ ወረቀት ላይ ይጻፉ። በማሽኑ ሰዓት ነው ታዲያ!"

እሺ አልኩ። እሺ ማለት መቼም አይከብደኝም፤ መስማቱ ነው እንጂ።

ቤታችን ተመልሰን አስቴር የመኪናዬን ቁልፍ ደበቀች። ቁጭ ብዬ ልቤን ሳዳምጥ ዋልኩ። ሰው ልቡን ማዳመጥ ከጀመረ አለቀለት፤ ደለቅ ሲል ሞትኩ፣ ቀስ ሲል ሞትኩ ይላል። የቤተ ክርስቲያን ወንድሞች መጥተው እጃቸውን ደረቴ ላይ ጭነው ሊጸልዩልኝ ሲሉ "ኧረ ገመዱን!" ብዬ ጮህኩባቸው። ትከሻዬን ይዘው ጸለዩልኝ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት አጥሩ ስር ቆሜ መጣብኝ። ደረቴ ዝም አለ። ዓይኔ ጨልሞ ስወድቅ አስቴር ሮጣ ያዘችኝ። ስነቃ የእጅ ሰዓቴን አይቼ "4፡10፣ ዞረብኝ" ብዬ ጻፍኩ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ "10፡00፣ ጋደም አልኩ"።

ማሽኑን መልሰን ውጤቱን ልንሰማ ገባን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቅጂውንና ወረቀቴን ጎን ለጎን ዘርግቶ ቆየ።

"ጋሼ፣ ዞረብኝ ባሉበት ሰዓት ልብዎ በደንብ ይመታል። 10፡10 ላይ ለአምስት ሰከንድ ቆሟል፤ ግን ያን ጊዜ ጋደም ብለው ነበር። በእንቅልፍ ጊዜ ልብ ሊዘገይ ይችላል፤ ብዙም አያሰጋም።"

መንዳት ይችላል የሚል ወረቀት ሊጽፍልኝ ብዕሩን አነሳ። እፎይ! ተመስገን ብዬ ተነሳሁ። አስቴር አልተነሳችም።

"ይቅርታ ዶክተር፣ ይሄ አስር ሰዓት የማን ነው? የእኛ ነው የፈረንጅ?"

አፈርኩባት። ምን አገባት ብዬ በክርኔ ጎሸም አደረግኳት። እሷ ግን የትኬቱን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አንብባ አውሮፕላን ያመለጣት ሴት ናት።

ሐኪሙ ወረቀቴን አየ። ቅጂውን አየ። እኔን አየ።

"በየትኛው ሰዓት ነው የጻፉት?"

"በእጄ ሰዓት።"

ብዕሩን አስቀመጠ። የማሽኑ 10፡10 የእኔ ጠዋት 4፡10 ነው። ልቤ የቆመው ተኝቼ ሳለሁ አልነበረም። ስወድቅ ነው።

"ሃርት ብሎክ ነው" አለ። "ልብዎን የሚያስመታው ትዕዛዝ መንገድ ላይ ይቋረጣል። ፔስሜከር፣ ልብ ሲዘገይ የሚያስመታ ትንሽ መሣሪያ ያስፈልግዎታል። ዛሬ ወደ ቤት አይሄዱም።"

ሲገባልኝ ፈርቼ አለቀስኩ፤ አልደብቅም። ከግራ ትከሻዬ በታች ቆዳዬ ስር አስገቡት፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ግራ እጄን ከፍ እንዳላደርግ ታዝዤ አስቴር ሸሚዜን እያለበሰችኝ፣ እኔም እየተነጫነጭኩባት ሳምንታት አለፉ። አሁን ዓይኔ አይጨልምም፤ ወደ መሪዬ የተመለስኩትም ሐኪሙ በክትትል አይቶ ሲፈቅድልኝ ነው።

ሆልተር የሚታሰርላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ የማሽኑን ሰዓት እያያችሁ ጻፉ፤ ጠዋት ይሁን ማታም ጨምሩ። ያስታመማችሁ ሰው ሐኪሙ ዘንድ አብሯችሁ ይግባ፤ ያልገባውን ይጠይቅ፣ እናንተም አትጎሽሙት። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኔ ነፍሴ ልትቀር ነበር።

የእኔስ ይሁን። ያችን ወረቀት ይዤ ብወጣ ኖሮ በማግስቱ መኪናዬን ሞልቼ ወደ ሃና እነዳ ነበር። እናቶች ከነልጆቻቸው ይሳፈሩ ነበር። እነሱ ይህን ስለማያውቁ አስቴርን አያመሰግኗትም፤ በእነሱም ፈንታ እኔ አመሰግናታለሁ።