እሬት ያልገባበት ሙጫ

የአበባ ካርድ መሥራት ቀላል ነው፤ ወጪም የለበትም። ከባለሱቁ ባዶ የሳሙና ካርቶን ይለመናል። ጳጉሜን ላይ ብቅ ብቅ የሚለው አደይ አበባ ይቀጠፍና በመጽሐፍ ገጾች መሀል ገብቶ ድንጋይ ይጫንበታል። ቀዩ ቀለም ከቀይ ሥር፣ ቢጫው ከእርድ፣ ጥቁሩ ካለቀ የባትሪ ድንጋይ ይወጣል። ሙጫው ቡላ ነው። እኛ አገር ቡላ ከቤት አይጠፋም። አንድ ማንኪያ በቀዝቃዛ ውሃ መበጥበጥ፣ እሳት ላይ ጥዶ እንዳይጓጉል ሳይታክቱ ማማሰል፣ ጠርቶ ሲያብረቀርቅ ማውረድ። በቃ፣ ይኸው ነው። ዛሬም የሰፈር ልጆች ሲጠይቁኝ አሳያቸዋለሁ። እሬቱ ላይ ስደርስ ግን ሳይታወቀኝ እቆጣለሁ፤ ልጆቹም ምን አጠፋን ብለው እርስ በርስ ይተያያሉ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ሆሳዕና፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ሴት ልጅ ሳለሁ ነው። በእጅ ሥራ ሰፈሩ ሁሉ ያደንቀኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ጠግቤም ነበር። ቡላውን ማማሰል ያስተማሩኝ ከሺንሺቾ መጥተው ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት ስፌት ሰፊ ናቸው። ሙጫው በረድ ሲል የእሬት ቅጠል ሰብሬ ጠብታውን እንድጨምርበት ሁልጊዜ ይነግሩኝ ነበር፤ አይጥ ቡላ ይወዳል፣ መራራውን ግን አይነካም። እኔ ግን መች ሰማሁ! እሬት ወረቀቱን ያበልዘዋል፣ ቢጫ እድፍ ይተዋል። ደግሞስ ካርድ ምን ሊሆን? ለዘመን መለወጫ ተሰጥቶ መስቀል ሲያልፍ ይጣላል።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲገባ ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ፎቶ ቤት ገብቶ ሁለት ጉርድ ፎቶ ተነሥቶ ነበር። አንዱ ቀበሌ፣ ፎርሙ ላይ ተለጠፈ። አንዱን ለእናቴ ሰጣት። ሌላ የእሱ ፎቶ በቤታችን አልነበረም። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው ትዞራለች፤ ጎመን ስትቀነጥስ ትፈታውና ታየዋለች፣ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ትፈታውና ታየዋለች። ጠርዙ መታጠፍ፣ መሰንጠቅ ጀመረ። እንዲህማ አይሆንም አልኩ።

ለዘመን መለወጫ የፎቶ ማስቀመጫ ልሠራላት ተነሣሁ። ካርቶኑን ደርቤ ቆረጥኩት፣ ቃጫ ገምጄ ዙሪያውን ሰፋሁት፣ አደዩን በየማዕዘኑ ለጠፍኩ። መሀሉ ላይ ፎቶው። እሬት አልጨመርኩም፤ የወንድሜን ፊት ላበልዝ እንዴ! እንዳይላቀቅ ብዬ ደግሞ ከፊቱ ጀርባ ቡላውን በሁለት ጣቴ እየዛቅሁ አብዝቼ ቀባሁት። እናቴ ስሰጣት አለቀሰች። ምሰሶው ላይ ሰቀልነው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርክ ሳትለው ከቤት አትወጣም ነበር።

ያሆዴ፣ የእኛ መስቀል፣ የወጣ ሁሉ ወደ ቤቱ የሚገባበት በዓል ነው። እናቴ እንደማይመጣ እያወቀች እንኳ የወንድሜን ድርሻ ቅቤ ለይታ አስቀመጠችለት። የበዓሉ ማግስት ጠዋት ስነሣ እናቴ ምሰሶው ስር ቆማ አየኋት። አበቦቹ በየቦታቸው አሉ። የሸሚዙ ኮሌታ አለ፣ ትከሻው አለ። ፊቱ የለም። አይጥ ቡላው የበዛበትን ቦታ መርጣ በልታዋለች።

አልተቆጣችኝም። ብትገርፈኝ በወደድኩ። ያን ካርቶን አውርዳ እንሥራው ጀርባ አስቀመጠችውና ሥራዋን ቀጠለች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጎመን እየቀነጠሰች፣ ቀና ሳትል፣ በሀዲይኛ፣ "ፊቱ እየጠፋብኝ ነው" አለችኝ።

ያኔ ቀበሌ መመላለስ ጀመርኩ። ሁለተኛው ፎቶ እዚያ ነዋ። ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ጓድ ጸሐፊ፣ ለአንድ ቀን ያውሱኝ፣ ፎቶ ቤት አስገልብጬ እመልሳለሁ አልኩት። ከፋይል የሚወጣ ነገር የለም አለኝ። በሳምንቱ ሄድኩ። በሌላው ሳምንትም ሄድኩ። ያለኝን ሁሉ አፍስሼ ካርድ ሠርቼ ወሰድኩለት፤ ካርዱን ተቀበለኝ፣ ፎቶውን አልሰጠኝም። በመጨረሻ ሰለቸሁት መሰለኝ።

"ስሚ፣ ይሄ ፎቶ የሚወጣው ፋይሉ ሲዘጋ ነው" አለኝ።

መቼ ነው የሚዘጋው ብዬ ጠየቅሁት። ወረቀት ማገላበጥ ያዘ። እኔ ጅሏ ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ቤት ገባሁና ይሰጡናል፣ ፋይሉ እስኪዘጋ ብቻ ነው ብዬ ለእናቴ አበሠርኳት። እሷም ለጎረቤቶቹ ሁሉ አወራች። ዓመቱን ሙሉ ፋይሉ የሚዘጋበትን ቀን ስትጠብቅ ኖረች፤ እኔም አብሬያት።

በዓመቱ አደይ አበባ ሜዳውን እንደገና ሲያለብሰው፣ አንድ ማለዳ ጸሐፊው በእንሰቱ መሀል ባለችው ቀጭን መንገድ ወደ ቤታችን መጣ። ፎቶውን በእጁ ይዟል። እናቴ ከሩቅ አየችውና የያዘችውን ጥላ ብድግ አለች።

"ተባረክ ልጄ፣ እጅህ ይባረክ" አለችው። በሁለት እጇ ተቀብላ ፎቶውን ደረቷ ላይ አስጠጋችው፣ ሳመችው።

ጸሐፊው አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ያን ጊዜ "ፋይሉ ሲዘጋ" ያለው ነገር ገባኝ። እሷ ገና እየመረቀችው ነበር፣ እንሰቱ ከልሏቸው የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ብቅ ሲሉ።

ለለቅሶው ፎቶው በእጅ የሚያዝ ነገር ላይ መለጠፍ ነበረበት። የሺንሺቾዋ ጎረቤታችን እያለቀሱ ቡላውን አማሰሉልኝ። እኔ ካርቶኑን ቆረጥኩ። እናቴ ከሴቶቹ መሀል ድምጿ ተዘግቶ ተቀምጣለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ አይጧ አንድም ቃል አልተናገረችኝም። የሙጫውን ጣሳ አንሥቼ ልቀባ ስል ቀና ብላ አየችኝ።

"እሬት ጨምረሽበታል?"

"ጨምሬበታለሁ፣ እማ።"

"ድገሚ" አለችኝ።

ወጥቼ ሌላ ቅጠል ሰበርኩ። ፎቶው ዛሬ እኔ ቤት ነው። ዳር ዳሩ በልዟል፣ አገጩ አካባቢ ቢጫ እድፍ አለበት። አይጥ ግን አልነካውም።