ጆሮ ጠቢ ያሉኝ ዓመታት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተረከብኩት ሦስት ነገር ነው፦ ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ፣ አሥራ ሁለት ስም የሰፈረበት ወረቀትና የአንዲት ጠባብ ክፍል ቁልፍ። ክፍሏ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ነበረች። ኮርኒስ የላትም፤ ቀና ሲሉ የሚታየው ቆርቆሮው ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ በደንብ የማይዘጋ መስኮት። ያኔ ቴፒ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ የአራተኛ ዓመት የስታትስቲክስ ተማሪ ነበርኩ። የሥራዬ መጠሪያ «የአቻ አማካሪ» ነው።

አንደኛ ዓመት ተማሪን ግቢው ሁሉ ይቀበለዋል። ሻንጣውን የሚሸከምለት፣ ዶርሙን የሚያሳየው አያጣም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ግን ትምህርት ክፍል ሲመደብ ጓደኞቹ ይበታተናሉ፣ ትምህርቱ ይከብዳል፣ «እንዴት ነህ?» የሚለው ሰው የለም። እኔ ያየኋቸው ብዙዎቹ የተሰናከሉት እዚያ ላይ ነው። አማካሪ ማለት እያንዳንዱን በሁለት ሳምንት አንዴ ለግማሽ ሰዓት አስቀምጦ ምን እንደከበደው የሚጠይቅ፣ ካስፈለገም ወደ መምህሩ ወይም ወደ ክሊኒኩ የሚመራ ሲኒየር ነው። መምህር አይደለም፤ አለቃም አይደለም።

አለቃዬ የአማካሪዎቹ አስተባባሪ አቶ ግርማ ነበሩ። መዝገቡን ሲሰጡኝ የሰማሁትንና ያየሁትን ሁሉ እንድጽፍ፣ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ቢሯቸው አምጥቼ እንዳሳያቸው ነገሩኝ። ተማሪዎቹ ይህን ያውቃሉ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። «ለራሳቸው ጥቅም ነው» አሉና ወደ ወረቀታቸው አቀረቀሩ። መልሱ አልጣመኝም። ግን ደግሜ አልጠየቅኩም።

በመጀመሪያው ስብሰባ አሥራ ሁለቱም የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቼ መጡ። ስለ ዶርም ውኃና ስለ ካፌው ምግብ እያማረሩ፣ እየሳቁ ነበር። መዝገቡን ስገልጥ ወሬው ተቋረጠ። ሀያት የምትባል የጅማ ልጅ እስክሪብቶዬን እያየች «የምትጽፊውን ማን ነው የሚያነበው?» አለችኝ።

«እኔ ብቻ» አልኳት።

ውሸት ነበር፤ እነሱም ዐውቀውታል። በሳምንቱ ስም ወጣልኝ፤ ጆሮ ጠቢ። ካፌ ውስጥ ትሪዬን ይዤ ስጠጋ ወሬው ወዲያው ወደ ኳስ ይዞራል። ወደ ክፍሌ የሚመጡት ተራቸው ሲደርስ ብቻ ነው፤ ሲመጡም «ሁሉም ጥሩ ነው» ብለው ሰዓታቸውን ያያሉ። እነሱ እኔን ሲጠረጥሩኝ እኔም እነሱን መጠርጠር ጀመርኩ። ምንም የማይናገር ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ብዬ አሰብኩ።

ከሁሉም የጠረጠርኩት ማቴዎስን ነው። ማቴዎስ የጌጫ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ ዝምተኛ። ቀጠሮ አያረፍድም። ፊት ለፊቴ ይቀመጥና ዓይኔን ሳይሆን አፌን ያያል። አባቴ ሚዛን ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ዓይንሽን የማያይ ደንበኛ ሲመጣ እጁን ተመልከቺ ይለኝ ነበር። የማቴዎስን እጅ መመልከት ያዝኩ።

መዝገቤ ላይ ስለ እሱ የጻፍኩትን ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ። «ሲጠራ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።» «የራሱ ማስታወሻ ግማሽ ነው፤ የሌሎችን ደብተር ይሰበስባል።» «ቅዳሜ ጠዋት ከግቢ ይወጣል። ጫማው ጭቃ ለብሶ ይመለሳል። የት እንደነበር አይናገርም።»

አንድ ቅዳሜ ተከተልኩት። ከበሩ ወጥቶ በመንገዱ ወረደ፤ ከዚያ የቡና እርሻው ዳር ደርሶ ወደ ዛፎቹ ታጠፈ። እኔ ከአንድ ኪዮስክ ጎን ቆምኩ። ጀርባውን ለአንድ ትልቅ የጥላ ዛፍ ሰጥቶ ተቀመጠና ከቦርሳው ደብተሮች አወጣ። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም። ስመለስ መዝገቡ ላይ «የሚጠብቀው ሰው ያለ ይመስላል» ብዬ ጻፍኩ። ያየሁት አንድ ልጅ ሲያነብ ነው። የጻፍኩት ሌላ ነው።

ከአሥራ ሁለቱ እንደ ልቡ የሚያወራኝ አንድ ብቻ ነበር፤ ሀብታሙ። ሳቂታ ነው፤ ያለ ቀጠሮ ብቅ ይላል፤ «ሲኒየር፣ ሻይ አምጥቼልሻለሁ» ይላል። ሌሎቹ ፊት ሲነሱኝ እሱን አመንኩት። የሚድ ፈተና ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው መጥቶ በሩን ገርበብ አደረገና፣ ስሙን እንዳላነሳ ለምኖ፣ ማቴዎስ ፈተና አስቀድሞ ያገኛል ይባላል አለኝ። ያንንም ጻፍኩ። ስጽፈው «ይባላል» የምትለዋ ቃል ቀረች።

ሚዱ ታርሞ ሳይመለስ አቶ ግርማ አስጠሩኝ። የኮርሱ መምህር ሁለት የመልስ ወረቀት አስቀርቷል፤ የማቴዎስንና የሀብታሙን። ጎን ለጎን ነው የተፈተኑት። አራተኛው ጥያቄ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስህተት፣ አንድ ዓይነት አሠራር አላቸው፤ ከክፍሉ ሌላ ማንም እንደዚያ አልሠራም። ፈታኙ ደግሞ ማቴዎስ አንገቱን እያዞረ የሰው ወረቀት ሲያይ እንደነበር መዝግቧል። አንደኛ ዓመትን በጭንቅ ያለፈው ማቴዎስ ሌላውን ጥያቄ በሙሉ እንዴት በትክክል ሊሠራው ቻለ? ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ተመርቷል።

«ካንቺ መዝገብ የሚያስፈልገንን ገልብጠናል፤ ጥሩ ሠርተሻል» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው። ኩራቱ ግን ከቢሮው ወጥቼ ደረጃውን እስክወርድ ድረስ ብቻ ነበር። በኮሚቴው ከተወሰነበት ማቴዎስ ይባረራል። ከጻፍኩት ውስጥ በዓይኔ ያየሁት የቱ ነው? ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ጭቃ የለበሰ ጫማ ብቻ አገኘሁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ማቴዎስን ክፍሌ ጠራሁት። ከሀብታሙ ኮርጀሃል ወይ አልኩት፤ አልኮረጅኩም አለ። ታዲያ ለምን ዞርክ አልኩት፤ ያንኑ ደገመልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማንን ነው የምታገኘው አልኩት፤ ማንንም አላገኝም አለ። አፌን ከማየት ግን አላቆመም። በዚህ መሐል ዝናቡ መጣ። የቴፒ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ መንገር አያስፈልግም፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እንኳ አይደማመጡም። መጠየቄን ተውኩና ለራሴ፣ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ፣ «ይሄ ልጅ እየዋሸኝ ነው» አልኩ።

ጠረጴዛው ላይ ዘንበል ብሎ፣ ጮክ ብሎ፣ «አልዋሸሁሽም» አለኝ።

ደነገጥኩ። ከአፌ የወጣውን እኔ ራሴ አልሰማሁትም። መጀመሪያ የመጣልኝ እንኳ ሌላ ጥርጣሬ ነው፤ ይሄ ልጅ ምን ዓይነት ጆሮ አለው? ከዚያ መዝገቡን አንስቼ አፌን ከለልኩና ስሙን በኃይል ጠራሁ። አልመለሰም። ዓይኑ መዝገቡ ላይ ቀረ። ደግሜ ጠራሁት። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ፤ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ገብቶታል።

ዝናቡ ሲያባራ ነገረኝ። በሰባት ዓመቱ ታሞ ከተኛበት ሲነሳ ቀኝ ጆሮው መስማት አቁሟል፤ በግራው ትንሽ ይሰማል። ጌጫ ትምህርት ቤት እያለ ደንቆሮ ይሉት ነበር። አንድ ሰው ደግሞ መስማት የማይችል ሥራ አይቀጠርም ብሎታል። ስለዚህ ግቢ ሲገባ የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ይህን አልሞላም። ክፍል ውስጥ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ሲዞር ትምህርቱ ይቋረጥበታል፤ የሰው ደብተር የሚለምነው ለዚያ ነው። ቡና እርሻው ዳር የሚሄደው ከኋላው ማንም ስለማይጠራው ነው።

ፈተናው ላይስ ለምን ዞርክ አልኩት። ሁሉም ድንገት አቀርቅረው የጥያቄ ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ሲጽፉ አይቷል። ምን እንደተባለ አልሰማም። ምን እያረሙ እንደሆነ ለማየት አንገቱን አዞረ፤ ፈታኙ ሲያፈጥበት መለሰው።

ይህን ሁሉ ለምን ቀድሞ እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት። መዝገቡን በአገጩ አመለከተኝ።

ለኮሚቴው እኔ ልናገርልህ ወይ አልኩት። አይሆንም አለ፤ ራሱ ይናገራል። የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጺማም ናቸው፤ ሲናገሩም እጃቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ የሚሉትን በከንፈሬ እንድደግምለት ፈለገ።

የኮሚቴው ስብሰባ በማለዳ ነበር። አምስት ሰዎች፣ መምህሩና አቶ ግርማ ተቀምጠዋል። ሀብታሙ በሩ አጠገብ ሆኖ ፈገግ አለልኝ። ሰብሳቢው የኔን ጽሑፍ ማንበብ ጀመሩ። ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። የሚጠብቀው ሰው ያለ ይመስላል። ፈተና አስቀድሞ ያገኛል። እኔም የራሴን ቃል፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ አንድ በአንድ ለማቴዎስ መድገም ነበረብኝ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያፈርኩበት ሰዓት የለም። ማቴዎስ ዓይኑን ሳይነቅል እስከ መጨረሻው አነበበኝ።

ተራው ሲደርስ ተነሥቶ ጆሮው እንደማይሰማ ተናገረ። አራተኛው ጥያቄ ላይ ምን እንደታረመ እስካሁን እንደማያውቅም አከለ። ከዚያ እኔ ተነሣሁ፤ የተነበበውን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ፈተናውን አስቀድሞ ማግኘቱን ካንድ ሰው አፍ ብቻ እንደሰማሁ፣ ቅዳሜ ዕለት ያየሁትም ሲያነብ ብቻ እንደሆነ ተናገርኩ። አቶ ግርማ ቀና ብለው አላዩኝም።

ነገሩን የፈታው ግን መምህሩ ነው። አራተኛው ጥያቄ ላይ አንድ ቁጥር በስህተት ታትሞ ነበርና በፈተናው ሰዓት በቃል አስተካክሎታል። የሁለቱን ተማሪዎች የጥያቄ ወረቀት ከፋይሉ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ። የማቴዎስ ወረቀት ላይ ቁጥሩ እንደታተመ ነው። የሀብታሙ ላይ ተሰርዞ ትክክለኛው በእስክሪብቶ ተጽፏል።

«አንተ ማረሚያውን ሰምተሃል፤ ጽፈኸዋልም» አለው ሀብታሙን። «ታዲያ የሠራኸው በአሮጌው ቁጥር ለምንድን ነው?»

የሀብታሙ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆይቶ ነው የወረደው።

ማቴዎስ ነፃ ወጣ። የአራተኛው ጥያቄ ነጥብም ተሰጠው፤ በታተመው ቁጥር አሠራሩ ትክክል ነበርና። መምህራኑ የሚናገሩትን ማሳሰቢያ ሰሌዳ ላይ እንዲጽፉ ተነገራቸው። ክሊኒኩ ወደ ጅማ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈለት። ሀብታሙ ፈተናው ተሰርዞበት፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ኮርሱን ደገመ።

ሀብታሙ ከወር በኋላ መጣ። ያን ቀን ሻይ አልያዘም። ከትምህርቱ መጀመሪያ ጀምሮ ምንም እንዳልገባው፣ ብወድቅ አባቴ ምን ይለኛል እያለ እንቅልፍ እንዳጣ ነገረኝ። «አንቺ እሱን ስትከታተዪ እኔን አላየሽኝም፤ እኔም እንድታዪኝ አልፈለግኩም» አለ። ሻዩን ሁሉ ጠጥቼ አንድ ቀን እንኳ ደብተሩን ክፈት ብዬው አላውቅም ነበር። ኮርሱን በደገመበት ሴሚስተር በሳምንት ሁለት ቀን አብረን ሠራን። ሲ አምጥቶ አለፈ።

ማቴዎስ ግን አማካሪ ይቀየርልኝ ብሎ አመለከተ። ለምኜው ነበር። «አልተቀየምኩሽም እህቴ። ግን ካንቺ ጋር ስቀመጥ ከንፈርሽ ያነበበልኝ ይመጣብኛል» አለ። ቅጹን ፈረምኩለት። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ይለኛል፤ ቆሞ አያወራም።

አቶ ግርማን መዝገቡ ይቅር ብዬ ጠየቅኳቸው። ያለ ሪፖርት ሥራው መሠራቱን በምን ላሳይ አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እሳቸውንም የሚጠይቅ አለቃ አለባቸው። ብዙ ተከራክረን በአንድ ነገር ተስማማን፤ የምጽፈውን ተማሪው አንብቦ ከሥሩ ይፈርማል። የመጀመሪያው ወር ላይ ማንም መፈረም አልፈለገም። ሀያት አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አሰርዛኝ ነው የፈረመችው። ከፈረመች በኋላ ግን ወንበሯ ላይ ቀረች፤ ስለ እናቷ ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አወራችኝ።

ስመረቅ በረዳት መምህርነት ቀረሁና ሥራውን ሁለት ዓመት ጨመርኩበት። አሁን የምሠራው ለአዲስ አማካሪዎች ሥልጠና መስጠት ነው። ጆሮ ጠቢ የሚለው ስም እስከ መጨረሻው አልለቀቀኝም፤ እኔም አልተከራከርኩም።

ለአዲሶቹ የምነግራቸው ይህን ነው። ያያችሁትንና የገመታችሁትን በአንድ መስመር አትጻፉ። ስለ አንድ ተማሪ የጻፋችሁትን ለአለቃችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ለራሱ ለተማሪው አስነብቡት። ፊት ለፊቱ ልታነቡት የማትደፍሩት ከሆነ ሰርዙት።