ሥጋ የማይነካው ትሪ

እትዬ ዓለምዘውድን በደንብ አላውቃቸውም። አሰብ ውስጥ ስምንት ዓመት በአንድ ግቢ ኖረናል። በእሳቸው ቤትና በእኛ ቤት መካከል ያለው የጣውላ ግድግዳ ስለሆነ ሳላቸውን፣ ሬዲዮናቸውን፣ ከውኃ በርሜላቸው ጋር የሚጣሉትን ጠብ ሳይቀር እሰማ ነበር። ያም ሆኖ የባላቸውን ስም እንኳ ያወቅሁት ከሌላ ሰው ነው። እኔ ሰው ፊት ለፊት ጠይቄ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው፤ የጎደለው ይበዛል።

የደሴ ሰው ናቸው። ባላቸው ወደቡ ላይ ክሬን ይነዱ ነበር። በሰማኒያ ሦስት መንግሥት ሲለወጥ «አገር ቤት ደርሼ ልምጣ» ብለው በከባድ መኪና ተሳፍረው ሄዱ፤ አልመጡም። እትዬ ዓለምዘውድ ቀሩ። ወደቡ መጋዘን ውስጥ መንጠቆ የቀደደውን የስንዴ ጆንያ ይሰፋሉ። መርፌው የመካከለኛ ጣት ያህል ነው። እጃቸው ላይ የመርፌ ጠባሳ የሌለበት ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ቁጡ ናቸው። ይህን ግቢው ሁሉ ይመሰክራል። ጠዋት በራቸውን ከፍተው ገና ሳትግል ፀሐይዋን «አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ?» ይሏታል። ከባሕር በኩል አሸዋ ይዞ የሚመጣውን ንፋስ ይሰድቡታል። እኔን «አንተ ሰውዬ፣ ስትራመድ እንኳ ድምፅ የለህም፤ ሌባ ነህ ወይስ ጸሐፊ?» ይሉኝ ነበር። ጉምሩክ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ስቄ አልፋለሁ።

ማእድ ቤታቸው ውስጥ ሁለት የመጋገሪያ ትሪ አለ። አንደኛው የራሳቸው ነው፤ እንደ ማንኛውም ዕቃ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛው ጠርዙ ላይ በቀይ ቀለም የተሰመረ ነው፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከፍ ያለ ምስማር ላይ ለብቻው ይሰቀላል። የሁለተኛውን ታሪክ የነገረችኝ ሳልሀ ናት።

ሳልሀ ከግቢው ማዶ ያለው ቤት እመቤት ናት፤ ባሏ ዑበይዳ ከወሎ የመጣ ባለሱቅ ነው። ገና ሙሽራ ሆና ስትመጣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ዘመድ የላት፣ ሙቀቱን አልለመደችው፤ ታለቅሳለች። በሦስተኛው ቀን እትዬ ዓለምዘውድ በሯን ከፍተው ገቡ።

«አንቺ ልጅ፣ ግድግዳው ለቅሶ አያስቀርም። እኔ ጠዋት ሥራ አለብኝ» ብለው ትኩስ ፓስታ አልፎርኖ አጠገቧ አስቀመጡ። «ብዪ። ዓሣ ነው።»

ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም፤ እስላም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም። ዓሣ ግን አራጅ የለውም። ልጅቱ ትሪውን አየችና በቀጭን ድምፅ፣ «ዓሣውስ ይሁን፤ ትሪው ሥጋ ነክቶት ያውቃል?» አለች።

እትዬ ዓለምዘውድ ተቆጡ። ትሪውን አንሥተው ወጡ። ሳልሀ አስቀየምኳቸው ብላ እንደገና አለቀሰች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን የተገዛበት ወረቀት ያልተላቀቀ አዲስ ትሪ ይዘው ተመለሱ። «ይኸው! ቀይ መስመሩ ያንቺ ነው። ሥጋ አይነካውም። አሁን ዝም በዪ» አሏት። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ በዚያ ትሪ እየተጋገረ ሁለቱ አብረው ይበላሉ። ሌላ ሰው አይነካውም፤ ለማንም አያውሱትም።

እዚህ ላይ የእኛን ቤት ጉድ መናገር አለብኝ። በሰማኒያ ስምንት ፋሲካ እትዬ ዓለምዘውድ ደሴ እህታቸው ዘንድ ሄዱ። ውኃ በመጣ ጊዜ በርሜላቸውን እንድንሞላላቸው ቁልፉን ለእኛ ሰጡን። በፋሲካ ማግስት የባለቤቴ የእቴናት ወንድም በቀለ ከአዲስ አበባ ጭነት ይዞ ገባ፤ ሁለት ሾፌሮች አስከትሎ፣ ግማሽ በግ ተሸክሞ። የእኛ ትሪ ለዚያ ሁሉ ሰው ጠበበ። እቴናት ቁልፉን ይዛ ሄዳ ቀይ መስመር ያለውን ትሪ አወረደች።

«እሱ የሳልሀ ነው» አልኳት።

«ይታጠባል» አለች።

ሳልሀ ገበያ በሄደችበት ሰዓት ግቢው ውስጥ ከላይም ከታችም ከሰል አድርጋ በጉን ከመኮሮኒ ጋር ጋገረችው። በላን፤ ጣፈጠን። ከዚያ በሎሚና በአመድ ሦስት ጊዜ ፈትጋ አጠበችውና በጨርቁ ጠቅልላ ወደ ምስማሩ መለሰችው።

ሐምሌ መጣ። ሳልሀን ወባ ያዛት። ስድስት ቀን እህል አልቀመሰችም፤ ጉንጯ ገባ። ጥዖ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ የምትኖረው የዑበይዳ እህት ሳዲያ ልታስታምማት መጣች። ቅዳሜ ማታ ሳልሀ ከንፈሯን አላቃ፣ «የእትዬ ዓለምን ፓስታ በቀመስኩ» አለች አሉ። እሑድ እትዬ ዓለምዘውድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም።

እየተቆጡ ሠሩት። ዓሣ ሻጩን «ትናንት የሞተ ዓሣ ዛሬ ዓይኑን አያፈጥም፣ ሌላ አምጣ!» ብለው መለሱት። ሽንኩርቱን ረገሙት። ከሰሉ እርጥብ ነው ብለው የከሰል ሻጩን እናት አነሡ። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ነጭ ሽንኩርት፣ ሳልሳና ትንሽ በርበሬ ጨመሩበት፤ ስጎውን ሾርባ እስኪመስል በውኃ አቀጠኑት። የእሳቸው ፓስታ ለብቻው አይቀቀልም። «አሰብ ተቀምጦ ለፓስታ ብሎ ውኃ የሚደፋ እብድ ነው» ይላሉ። ጥሬውን መኮሮኒ ትሪው ላይ ዘረገፉት፣ አጥንቱ የተለቀመለትን ዓሣ በተኑበት፣ ቀጭኑን ስጎ አለበሱት። ከላይ በዱቄት ወተት የተሠራ ነጭ ስጎ አፍስሰው ፎርማጆ ፈቀፈቁበት። መኮሮኒው ምድጃ ውስጥ ስጎውን እየጠጣ ይበስላል።

ቤታቸው ምድጃ የለም። ትሪው የሚገባው ሐጂ ኑህ ዳቦ ቤት ነው፤ የጠዋቱ ዳቦ ከወጣ በኋላ ምድጃው እስኪበርድ የሰፈሩን ትሪ ይቀበላሉ። የክርስቲያን ሥጋ ያለበትን አይቀበሉም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። እኔ ዳቦዬን ገዝቼ ልወጣ ስል እትዬ ዓለምዘውድ ትሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡ። ሳዲያ ሰልፉ ላይ ነበረች።

«ሐጂ፣ ያንን ትሪ ምድጃዎ ውስጥ እንዳያስገቡ» አለች።

«ለምን ልጄ?»

«የክርስቲያን በግ ተጋግሮበታል። በፋሲካቸው ማግስት ወንድሜን ልጠይቅ መጥቼ ግቢያቸው ውስጥ ከሰል ተደርጎበት በዓይኔ አይቻለሁ። ይኸው ቀይ መስመሩ! ያኔ የሳልሀ መሆኑን አላወቅሁም እንጂ ያን ዕለት እጮህ ነበር።»

እትዬ ዓለምዘውድ ትሪውን ባንኮኒው ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡት። ቀስ ሲሉ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ፀሐይ መታሽ እንዴ? በፋሲካ እኔ የት ነበርኩ?»

«እኔ ምን አውቄ...»

«ደሴ! እህቴ ቤት! ቤቴ በቁልፍ ተዘግቶ! ወይስ በጉ ራሱ በሩን ከፍቶ ገብቶ ትሪ ላይ ተኛልሽ?»

ሰልፉ ሳቀ። አንድ ወዛደር፣ «ይተዉአት እማማ፣ ጥዖ ዓሣ ብቻ ሲበሉ ሰንብተው በግ በሕልማቸው ይመጣባቸዋል!» አለ። ሳዲያ ፊቷ ጠቆረ። «ያየሁትን ነው የተናገርኩት» አለች፤ ድምፅዋ ግን ቀነሰ።

«ምን አየሽ? ምን አየሽ! የአሥራ አንድ ዓመት ጉርብትና ልታፈርሺ ነው የመጣሽው? ስሙኝ፣ ሰዎች! ሳልሀ ትሙት! ይህን ትሪ ሥጋ ነክቶት አያውቅም!»

ሳቁ ቆመ። ሳልሀ በእርግጥ ታማ ተኝታለች።

«አስተግፊሩላህ!» አሉ ሐጂ ኑህ። «እትዬ፣ በታመመ ሰው አይማልም።»

«እውነት ከሆነ ምን ይፈራል! ይኸው ጎረቤቴ ንዋይ ቆሟል። ንዋይ፣ በፋሲካ ደሴ አልነበርኩም?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዳቦው ደረቴን እያቃጠለኝ ነበር።

«ደሴ ነበሩ» አልኩ።

ሐጂ ኑህ ትሪውን ወስደው ወደ ምድጃው ገፉት።

ሳልሀ በላች። መጀመሪያ ሁለት ማንኪያ፣ ቀጥሎ አንድ ሳህን፤ ማታ ደግሞ ጠርዙ ላይ የደረቀውን ራሷ ጠይቃ ፍቃ በላች። ዑበይዳ ዳቦ ቤት የሆነውን ሲሰማ እህቱን «ሰው ፊት አዋረድሽኝ» ብሎ ሰኞ ጠዋት በሳንቡክ ጀልባ ወደ ጥዖ መለሳት። ሻንጣዋን ይዛ በግቢው ስታልፍ ማንም ደህና ሁኚ አላላትም። እኔ መስኮት ላይ ነበርኩ።

እቴናት፣ «ሳልሀ ድናለች። አሁን ተነሥተህ የዳነ ቁስል አትነካካ» አለችኝ። ሰኞን እንዲህ አለፍኩት። ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ እትዬ ዓለምዘውድ በራቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ቤት ይዘው የመጡትን ጆንያ ይሰፉ ነበር። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«እትዬ፣ ሳዲያ አልዋሸችም» አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው።

መርፌው ጆንያው ላይ እንደተሰካ ቀረ።

«ቁልፉን ለምን ነበር የሰጠሁህ?»

«በርሜሉን እንድንሞላ።»

«ሞላችሁት?»

«ሞላነው።»

«ሞላችሁት!» ብለው ተነሡ። «በርሜሌን ሞልታችሁ ትሪዬን አረከሳችሁት! ለሦስት ሾፌር ትሪ ጠበበ! በድስት ሲያቀርቡላቸው አይበሉም? መሪ ነው የሚበሉበት እንጂ አፍ የላቸውም? እቴናትስ እሺ፣ ሆዳም ናት። አንተ ግን ታውቅ ነበር! ዳቦህን ታቅፈህ ቆመህ ‹ደሴ ነበሩ› አልከኝ። አዎ ደሴ ነበርኩ! በሳልሀ ሞት እያስማልከኝ ደሴ ነበሩ! አሥራ አንድ እሑድ አበላኋት። በእጄ አጉርሻት! ያቺን ምስኪን ልጅ በሕዝብ ፊት ውሸታም አሰኘኋት፤ ሰው ሳቀባት፤ እኔ አሳቅሁባት!»

ወደ ማእድ ቤት ገብተው ትሪውንና ዘነዘናውን ይዘው ወጡ። መሬት ላይ ደፍተው ይመቱት ጀመር። እያንዳንዱ ምት ግቢውን አናጋው። አሉሚኒየሙ ተጨማደደ፣ ቀዩ መስመር ተሰነጣጠቀ።

ከማዶ የሳልሀ ድምፅ መጣ፤ ደካማ ቢሆንም ሳቅ አለበት። «እትዬ ዓለም! ቤት እየሠሩ ነው እንዴ?»

ዘነዘናው አየር ላይ ቆመ።

«ተኚ አንቺ! አይጥ ነው!»

«አይጥ በዘነዘና?»

«የአሰብ አይጥ ነው! ስንዴ በልቶ ወፍሯል! ተኚ ብያለሁ!» ድምፃቸው መጨረሻው ላይ ተሰበረ። ዘነዘናውን ጥለው የተጨማደደው ትሪ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ላባቸው ከአገጫቸው ይንጠባጠባል። ተንጎራደድኩ።

«ጥዖ ልሂድ» አልኩ። «ሳዲያን ልፈልጋትና እውነቱን ነግሬ ይቅርታ ልጠይቃት።»

«ከዚያስ? ሳዲያ ለወንድሟ አትነግርም? ወንድሟ ለሚስቱ አይነግርም? ሳልሀ ከአልጋ ሳትነሣ የበላችውን ልታስመልሳት ነው?»

«እንግዲያው ዝም ልበል?»

«ዝም ማለትማ ታውቅበታለህ! ዝም በልና ያቺ ልጅ ዕድሜ ልኳን ውሸታም ትባል! የማንን ልጅ ልጣል? ንገረኝ እስቲ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ የትኛዋን ልጣል?»

ሲናገሩ ወደ ሳልሀ በር እያዩ ድምፃቸውን ይውጡት ነበር። ቁጣን በሹክሹክታ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራኝ። ማዶ ሳልሀ ውኃ ስትጠጣ፣ ኩባያውን ስታስቀምጥ ይሰማል። እየተሻላት ነበር።

ጎንበስ ብዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ እርስዎ ለሳልሀ ይነግሯታል?»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ይህን» አሉ፣ «አንተ አትጠይቀኝም።»