የእትዬ ዓይንና ጥቁሩ ቀለም

ፎቶ አታሚውን ሰፈርተኛው «ግራጫው» ይለዋል። የጥቁርና ነጭ ፎቶ ይዞለት የሄደ ሰው፣ በጥቁርና በነጭ መካከል ያለውን የግራጫ ዘር ሁሉ ሳይሰማ አይወጣምና። ጎልማሳነት ላይ ሲደርስ ፎቶ ያጥብበት የነበረው ጨለማ ክፍል የጫማ መጋዘን ሆነ። እሱ ግን ከውሃው ሥር ቀስ እያሉ ብቅ የሚሉት ፊቶች ዛሬም በሕልሙ ይመጡበታል።

ያን ሰሞን ታላቅ እህቱ ልትሰነብት መጣች። ዓይኗ እየደከመ ነበር፤ ሐኪሙም የሄደው ብርሃን እንደማይመለስ ነግሯታል። ልመናዋ አንድ ብቻ ነበር፤ ጨርሶ ሳይጨልምባት የእናታቸውን ፊት አንዴ ማየት። ከእናታቸው የቀረችው ፎቶ ደግሞ የመዳፍ ግማሽ አታህልም። እናት በተሰጣ አንሶላ ፊት ቆመው ይስቃሉ።

ግራጫው ወገቡን አጥብቆ ተነሣ። ተራው መንገድ ጥቁሩን ቀለም ብቻ መርጨት ነው፤ ፈጣን ነው፣ ግን ነጠብጣቡ ይታያል። ልዩው መንገድ ማተሚያውን ከደማቅ እስከ ፈዛዛ በግራጫ ቀለሞች ብቻ መሙላት ነው። እሱ ልዩውን መረጠ። ቀለሙ ቱቦው ውስጥ ደርቆ አልወጣ አለው፤ አጠበ፣ አተመ፣ ቀደደ፣ ደግሞ አተመ። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣

«ጥቁሩን ብቻ ተጭነህ አትገላገልም?» አለችው።

«እናቴ የሚከራይ ቤት ማስታወቂያ ናት እንዴ?»

በመጨረሻ የወጣው ፎቶ ሐር ነበር። የአንሶላው እጥፋት፣ የአገጭ ሥር ጥላ፣ ምኑ ቅጡ። ለእህቱ ሲሰጣት የራሱም ዓይን እንባ አቀረረ። እሷ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፣ ወደ መስኮቱ አዞረችው።

«ታምራለች» አለች።

የያዘችው ዘቅዝቃ ነበር። ሚስቱ ክሩን በጥርሷ እንደያዘች ቀረች። ያ ሁሉ የለፋበት ስስ ግራጫ ለእህቱ ዓይን ጉም መሆኑ ያን ጊዜ ገባው። ፎቶውን ያተመው ለገዛ ዓይኑ ነበር።

ማስታወቂያ ወደሚያትምበት አሮጌ ማሽን ሄደ። ፎቶዋን አጎላት፤ ጥቁሩን አጠቆረ፣ ነጩን አነጣ። የሚወደው እጥፋት ሁሉ ሲጠፋ ጥቂት አመነታና ቁልፉን ተጫነ። የወጣው በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር።

እህቱ ተቀብላ ወደ መስኮቱ አዞረችው። ከዚያ ጣቷን በትክክል ከእናቷ አፍ ላይ አሳረፈች።

«ፍንጭቷ» አለች። «አንተ፣ ፍንጭቷን እኮ ረስቼው ነበር።» ሳቋ ቤቱን ሞላው። «እስቲ ውሰድና ራቅ አድርገህ ያዝልኝ።»

ፎቶውን ደረቱ ላይ ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። «አሁንስ እትዬ?» ይላል። «አያታለሁ» ትለዋለች። ጀርባው ከበሩ ጋር ተላተመ።

«በሩን ክፈተውና ሂድ» አለችው። «ገና አያታለሁ።»